ኢሚዩሌሽኑን ስናጠፋ የስም ፍለጋው ቆመ፦ ኤችዋይ093፣ የማይሠራ ፊልተርና ባዶ ውጤት

ፊደል_ገበታ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የሕክምና ካርድ በሚመዘግብ የዌብ አፕሊኬሽን ላይ የፍለጋ ገጹ አስቸግሮኛል። ፒኤችፒ 8.2፣ ማይኤስኪውኤል 8.0፣ ግንኙነቱ በፒዲኦ (ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ)። «ታካሚ» የሚባለው ሰንጠረዥ ስም፣ የአባት_ስም፣ የአያት_ስም፣ ስልክ እና ቅርንጫፍ የሚባሉ ዓምዶች አሉት።

ኢሚዩሌት ፕሪፔርስ (ባጭሩ ኢሚዩሌሽን) የሚለው የፒዲኦ ምርጫ እስካሁን እንደ ነባሪው በርቶ ነበር። የደኅንነት ፍተሻ ያደረጉልን ሰዎች ይጥፋ ስላሉ ፎልስ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ ፍለጋው «ኤችዋይ093፣ ኢንቫሊድ ፓራሜትር ነምበር» እያለ ይቆማል። ጥያቄው ይኸው (እዚህ እንዲነበብ በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ በፋይሉ ላይ በላቲን ነው)፦

ሴሌክት * ፍሮም ታካሚ
ዌር (ስም ላይክ :ቃል ኦር የአባት_ስም ላይክ :ቃል)
ኤንድ ቅርንጫፍ ኢን (:ቅርንጫፎች)
ኦርደር ባይ :ዓምድ
ሊሚት :ብዛት ኦፍሴት :ዝለል

እሴቶቹን በአንድ አሬይ አድርጌ ለኤክስኪዩት እሰጣለሁ። ለ:ቃል ከፊትና ከኋላ % ጨምሬበታለሁ፤ :ቅርንጫፎች «3,5,8» የሚል ስትሪንግ ነው።

ኢሚዩሌሽኑን መልሼ ሳበራ ኤችዋይ093 ይጠፋና በምትኩ 1064 የሲንታክስ ስህተት ይመጣል፤ የሚጠቁመውም ''20'' የሚለው አጠገብ ነው። ሊሚቱን በእጅ 20 ብዬ ስጽፈው ይሠራል፤ ነገር ግን የሚመጣው የቅርንጫፍ 3 ታካሚ ብቻ ነው፤ ቅደም ተከተሉም የተመረጠውን ዓምድ አይከተልም። ከዚህ ሁሉ ሌላ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ታካሚ «ጸሃይ» ብሎ የፈለገ ሠራተኛ ምንም አያገኝም። ይህም የፓራሜትር ጉዳይ ነው? ኢሚዩሌሽኑስ ይብራ ወይስ ይጥፋ?


ሎግ_አንባቢ፦

ሰላም ወንድሜ። ከዘረዘርካቸው አምስት ምልክቶች የሦስቱ ምንጭ አንድ ነው፦ አንድ ፕሌስሆልደር (በጥያቄው ውስጥ እንደ :ቃል ያለው የእሴት ቦታ ያዥ) የሚይዘው አንድ እሴት ብቻ ነው። የዓምድ ስም አይይዝም፣ የእሴቶች ዝርዝር አይይዝም፣ በኢሚዩሌሽን ካልተደገፈ በቀር ሁለት ቦታም አይቆምም። አራተኛው፣ የሊሚቱ 1064፣ የእሴት ዓይነት ጉዳይ ነው። አምስተኛው፣ የ«ፀሐይ» ነገር፣ ከፓራሜትር ጋር አይገናኝም፤ እሱን ለሌሎች እተወዋለሁ።

መጀመሪያ ኢሚዩሌሽን የሚባለው ምን እንደሚሠራ። ሲበራ፣ ፒዲኦ ጥያቄህን ለማይኤስኪውኤል «አዘጋጅ» ብሎ አይልክም። ራሱ ፒኤችፒ ውስጥ እያንዳንዱን ፕሌስሆልደር በእሴቱ ይተካና፣ ስትሪንጉን በጥቅስ አስሮና አጽድቶ፣ ያለቀለትን ጽሑፍ ይልካል። ሲጠፋ ግን የጥያቄው አጽም በፕሪፔር ቀድሞ ይሄዳል፤ እሴቶቹ በኤክስኪዩት ለብቻቸው ይከተላሉ። ማይኤስኪውኤል የሚያውቀው ? የሚለውን ብቻ ስለሆነ ፒዲኦ ስም ያላቸውን ፕሌስሆልደሮች ወደ ? ይለውጣቸዋል። ያንተ :ቃል ሁለት ቦታ አለ፤ ስለዚህ ሁለት ? ይሆናል፤ የቀረበለት እሴት ግን አንድ ነው። ኤችዋይ093 የመጣው ከዚህ ነው። ኢሚዩሌሽኑ በርቶ ሳለ ፒኤችፒ ሁለቱንም ቦታ በአንዱ እሴት ስለሚሞላ አይታወቅም ነበር።

መፍትሔው ስሙን መለየት ነው፦ ስም ላይክ :ቃል1 ኦር የአባት_ስም ላይክ :ቃል2፣ በአሬዩም ውስጥ ለሁለቱም ያንኑ እሴት መስጠት። ሥራው ትንሽ ነው፤ ግን በፕሮጀክቱ ውስጥ ያሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ማየት አለብህ፤ ኢሚዩሌሽኑ ሲጠፋ የሚወድቀው ይህ ገጽ ብቻ አይሆንም።

ያው የስህተት ቁጥር በሌሎች ምክንያቶችም ይመጣልና ስትፈትሽ እነዚህን አብረህ ተመልከት። ፕሌስሆልደር በጥቅስ ውስጥ ከተጻፈ፣ ማለትም '%:ቃል%' ከተባለ፣ ፕሌስሆልደር መሆኑ ይቀራል፤ ተራ ጽሑፍ ነው። ፒዲኦ በጥቅስ ውስጥ ያለውን አይነካም፤ ስለዚህ የሰጠኸው እሴት ቦታ ያጣል። በአሬዩ ውስጥ ጥያቄው የማያውቀው ትርፍ ቁልፍ ካለም ይወድቃል፤ ከፎርም የመጣውን አሬይ እንዳለ ለኤክስኪዩት የሚሰጥ ኮድ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ?ን እና :ስምን በአንድ ጥያቄ መቀላቀልም አይቻልም። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ የአሬይ ቁልፍ ነው፦ በ? ስትሠራ አሬዩን በአሬይ_ፊልተር ካጣራኸው ቁልፎቹ 0፣ 2፣ 3 ሆነው ክፍተት ይቀራል፤ ፒዲኦ ቁልፉን እንደ ተራ ቁጥር ስለሚወስደው ይሳሳታል። ከማጣሪያው በኋላ በአሬይ_ቫልዩስ አስተካክለው።

በፊደላችን ስለጻፍከው አንድ ነገር ላክል፤ ይህን ያየ ሰው ገልብጦ እንዳይሞክረው። ማይኤስኪውኤል የሰንጠረዥና የዓምድ ስም በአማርኛ ቢሆን ይቀበላል፤ የፒዲኦ ፕሌስሆልደር ስም ግን የላቲን ፊደል፣ አኃዝና የሥር ሰረዝ ብቻ ነው መሆን የሚችለው።

የሊሚቱ 1064፦ ለኤክስኪዩት በአሬይ የሚሰጥ እሴት ሁሉ እንደ ስትሪንግ ይቆጠራል። ኢሚዩሌሽን ሲበራ ስትሪንግ በጥቅስ ይታሰራል፤ ጥያቄው ሊሚት '20' ሆኖ ይደርሳል፤ ማይኤስኪውኤል ደግሞ እዚያ ቦታ በጥቅስ የታሰረ ነገር አይቀበልም። ሁለቱን ቁጥሮች ለብቻቸው በባይንድቫልዩ፣ ዓይነታቸውን ፓራም_ኢንት ብለህ፣ እሴቱንም በ(ኢንት) ለውጠህ ስጣቸው። ሌሎቹንም በባይንድቫልዩ እሰርና ኤክስኪዩትን ባዶ ጥራው፤ አሬይና ባይንድ መቀላቀሉን አልመክርም። እንዲህ የተጻፈ ኮድ ኢሚዩሌሽኑ በራም ጠፋም ይሠራል።

ባይንድፓራም ግን እዚህ አትጠቀም። ባይንድፓራም የሚያስረው ተለዋዋጩን እንጂ በዚያች ሰዓት የያዘውን እሴት አይደለም። በፎርኢች ዑደት ውስጥ ከጠራኸው ሁሉም ፕሌስሆልደሮች ኤክስኪዩት ሲደርስ የዑደቱን የመጨረሻ እሴት ይይዛሉ። ስህተት አይታይም፤ ውጤቱ ብቻ ባዶ ይሆናል። ሰውን የሚያደክመው እንዲህ ያለው ነው።


ሠንጠረዥ፦

ስለ ኢኑና ስለ ቅደም ተከተሉ።

«3,5,8» አንድ ስትሪንግ ነው። ማይኤስኪውኤል ከቁጥር ዓምድ ጋር ሲያወዳድረው ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፤ እስከ መጀመሪያው ኮማ ያነብና 3 ብሎ ይቆማል። ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል፤ ሾው ዋርኒንግስ ብለህ ካልጠየቅከው ግን አታየውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ? ያስፈልጋል፦ በአሬይ_ፊል የቅርንጫፎቹን ብዛት ያህል ? ሥራ፣ በኢምፕሎድ በኮማ አያይዘህ ቅንፉ ውስጥ አስገባ። ያንተ ጥያቄ በስም የተሰየመ ስለሆነ :ቅ0፣ :ቅ1፣ :ቅ2 እያልክ በዑደት መሥራት ይሻልሃል። ወደ ጥያቄው ጽሑፍ የሚገባው አንተ የፈጠርከው የፕሌስሆልደር ስም ብቻ ይሁን፤ ከተጠቃሚው የመጣው እሴት በጭራሽ አይግባ።

ተጠቃሚው ምንም ቅርንጫፍ ካልመረጠ ኢን () ይሆናል፤ ማይኤስኪውኤል ይህን በ1064 ይመልሰዋል። ባዶ ከሆነ ምን ይሁን የሚለውን አስቀድመህ ወስን፦ ሁሉም ቅርንጫፍ ይታይ ከሆነ ያንን መስመር ጨርሶ አታስገባው፤ ምንም አይታይ ከሆነ ዳታቤዙን ሳትጠይቅ ባዶ መልስ። የታካሚ መዝገብ ስለሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በስህተት ሁሉንም ከማሳየት ምንም አለማሳየት ይሻላል።

ኦርደር ባይ :ዓምድ ስትል የምትጠይቀው በ'የአባት_ስም' በሚል ቋሚ ጽሑፍ እንዲደረደር ነው። ለሁሉም ረድፍ ያው ጽሑፍ ስለሆነ የሚደረደር ነገር የለም፤ ስህተትም አይደለምና ዝም ይላል። የዓምድ ስም በፓራሜትር አይሄድም። በኮድህ ውስጥ የተፈቀዱ ዓምዶች ዝርዝር አስቀምጥ፦ «ስም» ሲመጣ ይህ ዓምድ፣ «አባት» ሲመጣ ያ ዓምድ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሁሉ ወደ ነባሪው ይሂድ። ወደ ጥያቄው የሚገባው ከራስህ ዝርዝር የወጣው ስም እንጂ ከብራውዘር የመጣው አይሁን። ለሽቅብና ለቁልቁል ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው፤ እሱን በፕሌስሆልደር ከሞከርከው ዝም አይልም፣ 1064 ይሰጥሃል።

ላይኩ ላይ ያልጠየቅከው አንድ ክፍተት አለ። ፓራሜትር ከኢንጀክሽን (እሴት መስሎ ከሚገባ ትእዛዝ) ይጠብቅሃል፤ ከ% እና ከ_ ግን አይጠብቅህም። ሁለቱ ለላይክ የራሳቸው ትርጉም ስላላቸው በፍለጋው ሳጥን % ብቻ የጻፈ ሰው መዝገቡን በሙሉ ያያል። ተጠቃሚው የጻፈው ውስጥ ካለ %፣ _ እና የኋላ ስላሽ ፊት የኋላ ስላሽ ጨምር (አድሲስላሽስ የሚባለው ፈንክሽን ይሠራልሃል)፤ የራስህን % የምታስከትለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የራስህም % ይሞታል።


ፊደል_ገበታ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ስሞቹን ለየሁ፣ ሊሚቱን በፓራም_ኢንት አሰርኩ፣ ኢኑንም እንዳላችሁት ሠራሁት። ኢሚዩሌሽኑ ጠፍቶ ገጹ ይሠራል፤ ሦስቱም ቅርንጫፎች ይመጣሉ።

የቀረው ስሙ ነው። አንዳንዱ ስም በትክክል ተጽፎም አይገኝም። ለምሳሌ «አበበ» ብዬ ስፈልግ በቅርብ ጊዜ የተመዘገቡት ይመጣሉ፤ ድሮ ከተመዘገቡት ግን አንድም የለም፤ እንዳሉ ግን የወረቀት ካርዳቸው ይመሰክራል። ለፕሌስሆልደሩ በትክክል ምን እንደደረሰ የማይበትስ መንገድ አለ?


ፊደል_ለዋጭ፦

ሁለት የተለያየ ነገር ነው የገጠመህ፤ አንዱ የካራክተር ሴት (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ሥርዓት)፣ ሌላው የሞክሼ ፊደላት (ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ)።

የመጀመሪያውን እንዲህ መርምረው። በካርድ ቁጥሩ አንድ የድሮ «አበበ» እና አንድ አዲስ «አበበ» ምረጥና የስሙን ዓምድ በሁለት ፈንክሽን ለካ፦ ካር_ሌንግዝ የፊደል ብዛት፣ ሌንግዝ የባይት ብዛት ይሰጥሃል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩቲኤፍ8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። ስለዚህ ጤነኛ «አበበ» 3 ፊደልና 9 ባይት ይሆናል። 3 እና 3 ካገኘህ ስሙ ሲመዘገብ ወደ ??? ተለውጧል፤ ያ መረጃ ጠፍቷል፤ ከባካፕ ወይም ከወረቀቱ ካርድ በስተቀር የሚመልሰው የለም። ካር_ሌንግዝ 9 ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት እንደ አንድ ፊደል ተቆጥሮ ሁለት ጊዜ ተኮድዷል፤ ግንኙነቱ ላቲን1 ነኝ እያለ ዩቲኤፍ8 ሲልክ የሚሆነው ይህ ነው። በድሮው ግንኙነት ሲነበብ ስህተቱ ተመልሶ ስለሚቀለበስ በስክሪን ላይ ደህና ይመስላል፤ አዲሱ ግንኙነት ግን በትክክለኛው ፊደል ሲፈልግ አያገኘውም። የነገርከን ምልክት ከዚህኛው ጋር ይስማማል።

ሁለት ጊዜ የተኮደደው ይድናል። ዓምዱን ኮንቨርት በሚባለው ወደ ላቲን1፣ ከዚያ ወደ ባይነሪ፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መቀየር ነው፤ በተበላሹት ረድፎች ላይ ብቻ። ጤነኛው ረድፍ ላይ ይህን ብታስኬድ ላቲን1 ውስጥ አማርኛ ስለሌለ ሁሉም ? ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ባካፕ፣ ቀጥሎ በሴሌክት ብቻ አሳይተህ በዓይን አረጋግጥ፣ ቀጥሎ በትራንዛክሽን ውስጥ አፕዴት። ጤነኛውን ከተበላሸው የሚለይህ ማጣሪያ በዓምዱ ውስጥ ከሀ እስከ ፐ ያለ ፊደል መኖር አለመኖሩ ነው፤ ማይኤስኪውኤል 8.0 ሬግኤክስፕ_ላይክ ዩኒኮድን ስለሚያውቅ ይህን ማጣሪያ በቀጥታ መጻፍ ትችላለህ። ዳግመኛ እንዳይመጣም በፒዲኦ የግንኙነት መስመር ላይ ካራክተር ሴቱን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብለህ ጻፈው፤ ለነባሪ አትተወው።

አሁን ወደ «ፀሐይ»። ይህን ኮላሽን (ዳታቤዙ ፊደላትን የሚያወዳድርበት ደንብ) ይፈታዋል ብለህ አትጠብቅ። ማይኤስኪውኤል ሀ፣ ሐ እና ኀን ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ ኮላሽኑን ብትለዋውጥም አንድ አይሆኑልህም። መፍትሔው ከስሙ ጎን ሌላ ዓምድ መያዝ ነው፦ ስም ሰውየው እንዳስመዘገበው ይቀመጣል፣ ስም_ፍለጋ ደግሞ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ የተመለሱበት ይሆናል። በፍለጋ ጊዜ ተጠቃሚው የጻፈውን በዚያው ፈንክሽን አሳልፈህ ከስም_ፍለጋ ጋር ታወዳድራለህ። ስክሪን ላይ የሚታየው ሁልጊዜ ዋናው ስም ነው፤ የሰው ስም በፕሮግራም አይታረምም።

መለወጫው ሰንጠረዥ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ እያንዳንዱ ከነ7 ቤቱ። አምስት ቤተሰብ በ7 ሲባዛ 35 ጥንድ ነው። በእጅ መጻፍ ካልፈለግክ በዩኒኮድ ቁጥራቸው ልዩነት በዑደት ይሠራል፦ ከሐ ቤተሰብ 16 ቀንስ፣ ከኀ 128 ቀንስ፣ ለሠ 16 ጨምር፣ ከዐ 48 ቀንስ፣ ከፀ 8 ቀንስ። በዚህ ላይ ግዕዝና ራብዕ በአማርኛ አንድ ድምፅ የሆኑባቸው አሉ፦ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። ስለዚህም ሓ እና ኃ ወደ ሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓም በቀጥታ ወደ አ መሄድ አለባቸው፤ ምክንያቱን ቀጥሎ እነግርሃለሁ። ሃ እና ኣ ሲጨመሩ 37 ይሆናል። ከዚያ በስም ላይ የሚያጋጥሙ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ፣ ዉ ወደ ው። እንዲህ ሲሆን ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ዓለሙና አለሙም እንዲሁ።

ፒኤችፒ ውስጥ የምትጠቀመው ኤስቲአርቲአር ነው፤ ግን አሬይ የሚቀበለውን አጠራር ተጠቀም። ሦስት ስትሪንግ የሚቀበለው አጠራር ባይት በባይት ስለሚተካ የአማርኛውን ፊደል ሰባብሮ ያወጣዋል። የአሬዩ አጠራር ደግሞ አንዴ የተካውን ተመልሶ አይነካም፤ ሓን ወደ ሃ ብትልከው እዚያው ሃ ሆኖ ይቀራል እንጂ ወደ ሀ አይቀጥልም። በቀጥታ ይሂድ ያልኩህ ለዚህ ነው።

ክፍተትም አለ። አንዳንድ መዝገብ ላይ ስም በሁለት ነጥብ «፡» ተለያይቶ ይገኛል፤ አንዳንዱ ሁለት ስፔስ አለው። ስም_ፍለጋ ውስጥ ሁለቱንም አስወግዳቸው፤ ገብረ ማርያምና ገብረማርያም ያኔ ይገጥማሉ። ገ/ማርያምን ግን በራስ ሰር አትዘርዝረው። ገ/ ገብረ ነው ብትል ብዙም አትሳሳትም፤ ተ/ ግን ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል፤ በታካሚ ካርድ ላይ ግምት አይገባም። ምዝገባው ፎርም ላይ ስላሹን አለመቀበልና ሙሉ ስም እንዲጻፍ መጠየቅ ይሻላል።

የነበሩትን ረድፎች ስትሞላ በአንድ አፕዴት ሁሉንም አትንካ። በካርድ ቁጥር ቅደም ተከተል 1,000 1,000 እያደረግክ አንብብ፣ በፒኤችፒ ለውጥ፣ ጻፍ። አንዴ ፕሪፔር የተደረገውን አፕዴት በየረድፉ እሴት እየቀየርክ ኤክስኪዩት ማድረግ ትችላለህ፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ እውነተኛው ፕሪፔር ከኢሚዩሌሽኑ የተሻለ ነው፤ ማይኤስኪውኤል የጥያቄውን ጽሑፍ የሚያነበውና የሚያዘጋጀው አንዴ ብቻ ነው።


ሎግ_አንባቢ፦

ለፕሌስሆልደሩ የደረሰውን ማየት ለፈለግከው። ዲበግዳምፕፓራምስ የሚባል ሜተድ አለ፤ ከፒኤችፒ 7.2 ጀምሮ የተላከውን ያለቀለት ጽሑፍ ያሳያል፤ ይህ ግን ኢሚዩሌሽን ሲበራ ብቻ ነው። ሲጠፋ አጽሙን እንጂ እሴቶቹን ገብተው አታያቸውም፤ ምክንያቱም ፒኤችፒ ዘንድ የተገጣጠመ ጽሑፍ ጨርሶ የለም።

ስለዚህ ከሰርቨሩ ወገን እይ። በሙከራ ማሽን ላይ ጄነራል_ሎግን ኦን አድርግ፣ ሎግ_አውትፑትን ቴብል ብትለው ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ጄነራል_ሎግ በሚባል ሰንጠረዥ ይመዘገባል። ኢሚዩሌሽኑ በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የፕሪፔር መስመርና አንድ የኤክስኪዩት መስመር ታያለህ፤ በኤክስኪዩቱ መስመር እሴቶቹ ገብተው ይነበባሉ። ኩዌሪ የሚል መስመር ብቻ ካየህ ምርጫህ አልተያዘም ማለት ነው። ሥራውን በሚሠራው ሰርቨር ላይ ግን አታብራው፤ ፋይሉ በፍጥነት ያብጣል፣ የታካሚም ስምና ስልክ በግልጽ ይጻፍበታል። በሙከራውም ላይ ስትጨርስ አጥፋና ሰንጠረዡን አጽዳ።

ስልክ የሚለው ዓምድህ ቫርካር ከሆነ ደግሞ በፓራም_ኢንት አትሰረው። በ09 የሚጀምር ቁጥር ወደ ኢንት ሲለወጥ የመጀመሪያው 0 ይወድቃል። ማይኤስኪውኤል ዓምዱንም ወደ ቁጥር ለውጦ ስለሚያወዳድር ሰውየውን ሊያገኘው ይችላል፤ ሆኖም ኢንዴክሱን መጠቀም አይችልም፤ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ያነባል። ቁጥር የሚመስል ነገር ሁሉ ቁጥር አይደለም፤ የማትደምረውንና የማትቀንሰውን በስትሪንግ እሰር።

ኢሚዩሌሽኑ ይብራ ወይስ ይጥፋ ላልከው፦ ይጥፋ። ካራክተር ሴቱ በግንኙነቱ መስመር ላይ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ተብሎ ከተጻፈ ኢሚዩሌሽንም እሴቶቹን በትክክል ያጸዳል፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን ሲበራ በአንድ ጥሪ ውስጥ በድርብ ሰረዝ (;) ተለያይተው የመጡ ብዙ ትእዛዞች ማለፍ ይችላሉ። በሌላ ቦታ አንድ ሰው ጽሑፍ ቀጥሎ የሠራው ጥያቄ ካለ ጉዳቱ በጣም ይሰፋል። ማብራት የግድ ከሆነብህ መልቲ_ስቴትመንትስ የሚለውን ምርጫ ግንኙነቱ ሲፈጠር ፎልስ አድርገው፤ ከተፈጠረ በኋላ አይቀየርም። የማጥፋቱ ዋጋ ለእያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ አንድ ተጨማሪ ምልልስ ነው፤ ዳታቤዙ እዚያው ማሽን ላይ ወይም እዚያው ኔትዎርክ ውስጥ ከሆነ አይሰማህም።


ዝሆኑ_ሰርቨር፦

በፖስትግሬስና በኖድ ለምትሠሩም ላክል፤ ችግሩ ያው ሆኖ መልኩ ስለሚለይ።

በፖስትግሬስ ፕሌስሆልደሩ $1፣ $2 ነው፤ አንዱን $1 ብዙ ቦታ መድገም ይቻላል፤ ስለዚህ የ:ቃል ጣጣ የለም። ለኢን ዝርዝር መሥራት አያስፈልግም፦ ቅርንጫፍ = ኤኒ($1::ኢንት[]) ብላችሁ አሬዩን እንዳለ ስጡት፤ ባዶም ቢሆን ስህተት ሳይሰጥ ባዶ ይመልሳል። በሌላ በኩል ፖስትግሬስ ዓይነት ላይ ጥብቅ ነው። «$1 ኢዝ ነል ኦር ስም = $1» የሚል አማራጭ ፊልተር ስትጽፉ የ$1ን ዓይነት መወሰን አልቻልኩም ሊላችሁ ይችላል፤ $1::ቴክስት ብላችሁ ንገሩት። ፊደል_ለዋጭ ያለው ስም_ፍለጋ ደግሞ እዚህ በዳታቤዙ ውስጥ ያልቃል፦ ትራንስሌት የሚባለው ፈንክሽን ፊደል በፊደል ይተካል፤ ከፖስትግሬስ 12 ጀምሮ በጄነሬትድ ዓምድ ውስጥ ልታስገቡት ትችላላችሁ። ማንም በየትኛው መንገድ ቢመዘግብ ዓምዱ ይሞላል፤ አፕሊኬሽኑ የሚቀረው የፍለጋውን ቃል መለወጥ ብቻ ነው።

በፒጂባውንሰር (የፖስትግሬስ ግንኙነቶችን የሚያጋራ አገናኝ) በኩል በትራንዛክሽን ሞድ ከሆናችሁና ፕሪፔር የተደረገው ጥያቄ «የለም» የሚል ስህተት አልፎ አልፎ ከመጣ፣ ኮዳችሁ አይደለም፤ ፕሪፔሩ በአንድ ግንኙነት፣ ኤክስኪዩቱ በሌላ ሄዶ ነው። ከፒጂባውንሰር 1.21 ጀምሮ ማክስ_ፕሪፔርድ_ስቴትመንትስ የሚለውን ከ0 በላይ በማድረግ ይፈታል፤ በፕሮቶኮል ደረጃ ለሚደረግ ፕሪፔር እንጂ በኤስኪውኤል ፕሪፔር ተብሎ ለሚጻፈው ግን አይሠራም።

በኖድ ማይኤስኪውኤል2 ከሚባለው ድራይቨር ጋር የምትሠሩ ደግሞ፣ ሰርቨሩ ከ8.0.22 ወዲህ ከሆነ ሊሚት ? ላይ የጃቫስክሪፕት ቁጥር ሰጥታችሁ ኤክስኪዩት ስትሉ የተሳሳተ አርጉመንት የሚል መልስ ይመጣል። ድራይቨሩ ቁጥሩን እንደ ደብል ስለሚልከው ነው። ሙሉ ቁጥር መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ወደ ስትሪንግ ለውጡና ስጡት። ከፒኤችፒው ተቃራኒ ይመስላል፤ እዚያ ያስቸገረው በኢሚዩሌሽን የሚታሰረው ጥቅስ ነበር፤ እዚህ ጥቅስ የለም፤ የሚላከው የዓይነት ምልክት ነው የሚያስቸግረው።


ፊደል_ገበታ፦

ካር_ሌንግዙን ለካሁት፤ የድሮዎቹ «አበበ» 9 ፊደል ይላሉ፤ አዲሶቹ 3። በቅጂው ዳታቤዝ ላይ በላቲን1 በኩል መልሼው በሴሌክት ሳየው ስሞቹ ደህና ወጡ። አፕዴቱን ከባካፕ በኋላ አደርገዋለሁ። ስም_ፍለጋንም ለሦስቱም ስሞች ለየብቻ ልሠራ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ኢንዴክስ ጨምሬበት ኤክስፕሌይን (ጥያቄው እንዴት እንደሚከናወን የሚያሳየው ትእዛዝ) ስለው አሁንም ሙሉ ሰንጠረዡን ያነባል።


ሠንጠረዥ፦

ከፊት % ስላለ ነው። ኢንዴክሱ የተደረደረው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ስለሆነ መጀመሪያው ካልታወቀ ከየት እንደሚነሣ አያውቅም። የፊተኛውን % አንሣና የኋለኛውን ብቻ ተው።

ይህን ስታደርግ ኦሩንም ቀይረው። ሰው የሚፈልገው «ጸሃይ ከበደ» ብሎ ነው፤ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት። የጻፈውን በስፔስ ክፈለውና የመጀመሪያውን ቃል ለስም_ፍለጋ፣ ሁለተኛውን ለአባት_ፍለጋ፣ ሦስተኛ ካለ ለአያት_ፍለጋ እሰር፣ በኤንድ አያይዛቸው። ሁለት ቃል ከመጣ ግን «ገብረ ማርያም» ብሎ አንድ ስም የጻፈም ሊሆን ስለሚችል፣ በተከፈለው ካልተገኘ ሁለቱን ገጥመህ በስም_ፍለጋ ብቻ ድገም። ኢንዴክሱ በአንድ ላይ (ስም_ፍለጋ፣ አባት_ፍለጋ) ይሁን።

ፉልቴክስት ኢንዴክስ ለመሞከር ካሰብክ፣ የኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ሞተር) ትንሹ የቃል ርዝመት በነባሪው 3 ፊደል ነው። ሳራ፣ ሊያ፣ ቤዛ የሚባሉት ሁለት ፊደል ስለሆኑ ኢንዴክሱ ውስጥ አይገቡም። ኢኖዲቢ_ኤፍቲ_ሚን_ቶክን_ሳይዝን ወደ 2 አውርደህ፣ ሰርቨሩን አስነሥተህ፣ ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት ይኖርብሃል። ለስም ፍለጋ ግን ከላይ ያለው ይበቃል።